ከናታሻ ጀርባ ያለው ሰው

ሙሉቀን መሞቱን የሰማው ቅዳሜ ጠዋት፣ የልጁን ካርድ ሊቀበል መዋዕለ ሕፃናት በሄደበት ነው። ያረዳችው መምህርት ታቢታ ናት፤ እሷም በደንቡ መሠረት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ክንዱን ይዛ ነው ያረዳችው። ወላጆች ለአምስት ዓመት ልጅ በተሠሩ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አገጫቸው ድረስ ሰብስበው ተራ ይጠብቃሉ። ክፍሉ የሙዝና የከለር እርሳስ ሽታ ይዟል። የሶሊያና ስም ሲጠራ ሙሉቀን ልጁን በእጁ እንደያዘ ተነሳ። ወንበሩም አብሮት ተነሳ። ወንበሩን ከኋላው አላቆ፣ ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«የሶሊያና ምኗ ነዎት?»

«አባቷ ነኝ።»

ታቢታ ፈገግታዋን ሳታጠፋ አንገቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ወደ እሱ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ግድግዳው።

«እንጀራ አባት ማለትዎ ነው?»

«ኧረ ዋናው ነኝ!»

«ዋናውማ…» ክንዱን ያዘችው። ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ያሉት ወላጆች ሁሉ ወሬያቸውን አቆሙ። «ዋናውማ አርፈዋል።»

ግድግዳው ላይ «የእኔ ቤተሰብ» በሚል ርዕስ የልጆቹ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። የሶሊያና ከሁሉም ትልቁና ከሁሉም ያማረው ነው፤ ያነሳው ሙሉቀን ነዋ። መሀል ላይ አማቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንደ ንግሥት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ባላቸው አቶ ግዛቸው አሉ፤ ከኋላ ሚስቱ ሊያ፣ ወንድሟ ክብሩ፣ አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ የአክስት ልጆች ባሎች። ጣሪያው ላይ ደግሞ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ የሐይቁ ዳር መላጣ ትልቅ ወፍ፣ ክንፉን ሰብስቦ እንደ ቅርብ ዘመድ ቆሟል። ሙሉቀን የለም። መምህርቷ ልጆቹን በየተራ እያስነሳች እናትና አባታቸውን በጣት እንዲያሳዩ ስታደርግ ሶሊያና እናቷን አሳይታ ነበር። አባትሽስ ስትባል ደግሞ «እዚህ ውስጥ የለም፤ እሱ ያየናል እንጂ እኛ አናየውም» አለችና ጣቷን ከፎቶው ወደ ውጪ፣ ትንሽም ወደ ላይ ቀሰረች። ታቢታ እዚያው እንባዋ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሉ ጠዋት ጠዋት ለሶሊያና ይጸልያል።

ሙሉቀን ልጁን አያት። ልጁ ጫማዋን አየች።

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ዥዋዥዌ ላይ ሰልፍ አያሰልፉኝማ» አለች፣ ጫማዋን ማየቷን ሳታቋርጥ።

ታቢታ ጨዋ ልጅ ናት፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች። ካርዱን ግን አልሰጠችውም። እናትየውን ታውቃቸዋለች፣ አያትየውንም ታውቃቸዋለች፤ እሱን አታውቀውም፤ የማይታወቅ ሰው ደግሞ የልጅ ካርድ አይሰጠውም፤ መመሪያ ነው። «እርስዎ ያሉበት የቤተሰብ ፎቶ ካለ ሰኞ ያምጡልንና ይሄኛውን እንቀይረዋለን። ያለ ፎቶ ግን ለልጆቹ ምን እንበላቸው? ሞተው ነበር፣ ተነሱ እንዳንል ከሰንበት ትምህርታቸው ጋር ይምታታባቸዋል» አለችው። ከኋላው አንዲት እናት «ነፍስ ይማር» ልትል ጀምራ ሳል አደረገችው።

ባጃጁ ውስጥ ሶሊያናን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስልኩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ። የሐይቁ ፎቶ አለ፤ የጉማሬ ፎቶ አለ፤ የአማቱ ፎቶ ከሐይቁም ከጉማሬውም ይበልጣል። የእሱ የለም። የሰርጉ አልበም አለ እርግጥ፤ ነገር ግን አልበሙ ውስጥ ያለው ሙሽራ ጥቁር ጎፈሬ አለው፤ የዛሬው ራሰ በራ ሙሉቀን ያንን አልበም ይዞ ቢሄድ ታቢታ ሟቹ ምን ዓይነት ፀጉር እንደነበራቸው አይታ ይበልጥ ታለቅሳለች። ሐይቅ ዳር፣ አማቶቹ ቤት በር ላይ ሊያ ጠብቃቸው ነበርና ነገሩን ነገራት። ሊያ የባጃጁን ብረት ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ሹፌሩም ሒሳቡን ተቀብሎ ሳይሄድ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«በቃ አሁኑኑ ከልጅህ ጋር አንድ ሰልፊ አንሳና ላክላት» አለችው እንባዋን እየጠረገች።

«ስልክ ፎቶ አያነሳም፣ ይገምታል» አለ ሙሉቀን። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስታትስቲክስ ስለሚያስተምር መገመትን ያከብራል፤ በፊቱ ላይ እንዲደረግ ግን አይፈልግም። «ደግሞ ከሞትኩ በኋላ የመጀመሪያው ፎቶዬ በስልክ አይሆንም። የቤተሰብ ፎቶ ነው ያለችው። ዛሬ ሁሉም አሉ፤ ዛሬ እገባለሁ።»

ሊያ መሳቋን ተወች። «እሱን ለእማዬ አንተው ንገራት» አለችና ቀድማው ገባች።

እውነቱን ለመናገር ሙሉቀንን ከቤተሰቡ ፎቶ ያስወጣችው ናታሻ ናት። ናታሻ ሰው አይደለችም፤ ሌንስ ናት። ይህን ስም ያወጣላት ክብሩ ሲሆን «ሙሌ ሁለተኛ ሚስቱን አንገቷ ላይ ጨርቅ አልብሶ ነው የሚያስተኛት» እያለ በየበዓሉ ያወራል። በደርግ ጊዜ ኦዴሳ ሄደው ግብርና ከተማሩ አንድ ጡረተኛ የተገዛች፣ ከብረትና ከመስታወት ብቻ የተሠራች፣ ብትወድቅ የሚጎዳው እሷ ሳትሆን ወለሉ የሆነ፣ ሃምሳ ስምንት ሚሊ ሜትር የራሺያ ሌንስ ናት። የሰው ዓይን የሚያየውን ያህል እንጂ አትጨምርም አትቀንስም ይላል ሙሉቀን፤ ይህን ያለበት ሰው ሁሉ ደግሞ ሰዓቱን አይቶ ይነሳል። ማጉላትና ማሳነስ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሰው በዛብኝ ብትላት መልሷ አንድ ነው፦ ወደ ኋላ ሂድ። በራሷ አታጠራም፤ አንገቷን እያዞርክ ጥራቱን ራስህ መፈለግ አለብህ። ጠዋት ጠዋት የውስጧ አሮጌ ግራሶ ስለሚረጋ አንገቷ እሺ አይልም፤ ከምሳ በኋላ ሙቀት ሲገባት ትለሰልሳለች፤ በዚህ ጠባይዋ ቁርጥ አማቱን ናት። ፀሐይ ፊት ለፊት ካገኘቻት ቀስተ ደመና ትተፋለች። ከኋላ ያለውን ቅጠል እንደ ሰከረ ታሽከረክረዋለች። መሀል የተቀመጠውን ጥርት አድርጋ፣ ዳር የቆመውን እንደ ማስቲካ ትስበዋለች፤ ስለዚህ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሰው ጋር ሲኳረፉ ያ ሰው በዚያ ዓመት ፎቶ ላይ ዳር ይቆማል። ግድግዳቸው ላይ ያሉትን ፎቶዎች በተርታ ያየ ሰው የቤቱን ኩርፊያ ከነዓመተ ምሕረቱ ያነበዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ቁጥሯ ነው። ናታሻ አንገት ላይ ቁጥሮች አሉ። ሁለት ላይ ስትሆን ዓይኗን በሰፊው ትከፍትና የሰው ፊት ላይ ስስ የወተት ጭጋግ ታለብሳለች፤ መጨማደድ ይጠፋል፣ ማድያት ይጠፋል፣ ከነኑሮ ውድነቱ ይጠፋል። ስምንት ላይ ስትደርስ ዓይኗን ታጠብና እውነቱን ትናገራለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ሁለት ነው። «ሁለት ላይ ነው አይደል?» ሳይሉ አይነሱም። በስልክማ ጭራሽ። አንድ ጊዜ ክብሩ በስልኩ ዳር ላይ አድርጎ አንስቷቸው ክንዳቸው የግንድ ያህል ሆኖ ስለወጣ፣ ስልክ ያሳብጣል ብለው ከቤተሰቡ ሥነ ሥርዓት አግደውታል። እንግዲህ ናታሻን የሚያውቃት ሙሉቀን ብቻ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳው ሙሉቀን ብቻ ነው፤ ካሜራው ደግሞ አሮጌ ስለሆነ በሩቅ ታዝዞ አያነሳም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሰኔ፣ ዘመድ ሁሉ ከየሥራው ሲሰበሰብ ሙሉቀን ባለ ሦስት እግሩን ትራይፖድ ይተክላል፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ ጨረስኩ ይላል፣ ሁሉም ወደ ምሳው ይዞራሉ።

ሳሎኑ ሞልቷል። ቢፌው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ታጥበው ተገልብጠዋል፣ ሶፋዎቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ መስኮቱ ሥር የተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ከቤተ ክርስቲያን በውሰት የመጡ ናቸው። አክስቶቹ የፀጉር ቤት ዋጋ ያወራሉ፤ አንዷ አምስት መቶ ብር ከፍላ የተተኮሰችው ፀጉር ከባህል አዳራሽ ሰፈር እዚህ እስክትደርስ በእርጥበቱ ተመልሶ መነሳቱን በንዴት ታሳያለች። ወንዶቹ አሳውን እያወራረዱ ስለ አሳ ዋጋ ያማርራሉ። ሙሉቀን ምሳውን በላ አይባልም፤ አማቱ እስኪለሰልሱ ይጠብቃል። ሲጨርሱና እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓዳ ሲገቡ ተከተላቸው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ወይዘሮ ጥሩወርቅና እህታቸው አለምነሽ ወንበር ሲደለድሉ ሰማ። እነ እከሌ ከኋላ ይቁሙ፤ እከሊት ዘንድሮ ዳር ናት፣ የሠራችውን ታውቃለች፤ ሶሊያና ከእኔ እግር ሥር ትቀመጥ።

«ሙሉቀንስ?» አሉ አለምነሽ።

«እሱማ ያነሳናል። እግዚአብሔር ይስጠው፣ እሱ ባይኖር ማን ሊያነሳን ኖሯል?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ከልባቸው፣ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ።

ሰው ሲሰድብህ መልስ ይገኛል። ሲያመሰግንህ ከየት ታመጣለህ? ሙሉቀን ከበሩ ተመለሰና ናታሻን ከጨርቋ አወጣት።

የወይዘሮ ጥሩወርቅ ግቢ ለናታሻ አይበቃም። ሰዉ ከአቮካዶው ሥር ቤቱን ተደግፎ ሲደረደር፣ ሙሉቀን እስከ አጥሩ ቢሸሽ እንኳ የሚገባው ግማሹ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጎረቤት ይሄዳል። እትዬ ሀያት ቤታቸው የተሠራው ሐይቁ ሞልቶ ይመጣል ተብሎ በተፈራበት ጊዜ ስለሆነ መሠረቱ ከፍ ያለ ነው፤ በረንዳቸው ላይ የቆመ ሰው ከብሎኬት አጥሩ በላይ የእነ ጥሩወርቅን ግቢ እንደ ቲያትር ያያል። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ በሲሚንቶ ተተክሏል፤ ዶሮ በተሰረቀ ሰሞን ያስተከሉት ራሳቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። እናም ከበረንዳው ወደ ቤተሰቡ መዝለል የለም። ደረጃውን መውረድ፣ ቤቱን መዞር፣ ከፍ አድርገው ካልገፉት የማይከፈተውን የእትዬ ሀያትን በር መክፈት፣ መንገዱን ይዞ መሮጥ፣ በእነ ጥሩወርቅ በር መግባት ነው። የካሜራው ታይመር ደግሞ አሥር ሰከንድ ይሰጣል።

«ዘንድሮ እኔም እገባለሁ!» አለ ሙሉቀን ከበረንዳው ላይ። ድምፁ ካሰበው በላይ ቀጠነ።

ከአጥሩ ማዶ የተደረደረው ቤተሰብ ይህን እንደ ቀልድ ሰማው። «ሙሌ፣ ናታሻን ለማን ጥለሃት?» አለ ክብሩ። ሳቅ ሆነ። ሙሉቀን ሊያ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ አጠራ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ሮጠ። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን ወረደ። በሩን ገፋው፣ እምቢ አለ፣ ከፍ አድርጎ መግፋት እንዳለበት ትዝ አለው። ሲደርስ አክስቶቹ ተበትነው ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። «ተነሳን'ኮ፣ መብራቷ በራች» አሉት። ተመልሶ በረንዳው ላይ ፎቶውን አየው፤ ሁሉም አሉ፣ አባ ኮዳውም ጣሪያው ላይ መጥቶ በጥሩ አቋም ገብቷል።

በሁለተኛው የእትዬ ሀያትን በር አስቀድሞ ከፍቶ ሮጠ። መንገዱ ላይ ባጃጅ ገጠመው፤ ሹፌሩ የጠዋቱ ሹፌር ኖሮ «እንዴት ሆነልህ?» ብሎ አቆመው። ያንን ፎቶ ሲያዩት በቀኝ በኩል አንድ እጅ ይታያል። ጥሩ እጅ ነው፤ ሰዓት አስሯል። ግን ታቢታን በእጅ ማሳመን አይቻልም። ሦስተኛው የተሻለ ተስፋ ነበረው፤ ጫማውን አውልቆ ነበርና ነፋስ ሆኖ ደረሰ። ሆኖም እሱ ቁልፉን በተጫነበት ቅጽበት አቶ ግዛቸው «ቆይ፣ ሳንጸልይ ነው እንዴ የተጀመረው?» ብለው ተነስተዋል። አቶ ግዛቸው ጸሎት በአማርኛ ጀምረው በሲዳምኛ ይጨርሳሉ፤ እግዚአብሔር ከሁለት አንዱን ሳይሰማ አይቀርም ብለው ነው። ሙሉቀን በሩ ጋ ሲደርስ ጸሎት ሰማ። ያደገ ሰው ነውና በጸሎት መሀል አይሮጥም፤ እዚያው በሩ ላይ፣ ከፎቶው ውጪ፣ አንገቱን ደፍቶ በባዶ እግሩ ቆመ። ማዶ ካሜራው ጠቅ አለ። በዚያ ዓመት ከተነሱት ሁሉ መንፈሳዊው ፎቶ እሱ ነው፤ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይሄን ያህል ከምትንገላታ እኔ ልጫንልህ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሀያት፣ ሰውየው በረንዳቸውን እንደ ሩጫ ሜዳ ሲመላለስበት ማየት ሰልችቷቸው። ሙሉቀን እጃቸውን ሳመ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ናታሻን ራሱ አጥርቶ ሰጣቸው። «ይቺን ብቻ ይጫኑ፤ ሌላ ምንም እንዳይነኩ።» ተረጋግቶ፣ በእግሩ፣ እንደ ሰው ሄደ። ሊያ ጎን ቆመ። ሶሊያና «አባቢ ገባ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ሀያት አንዴ አጎንብሰው አዩ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና አጎነበሱ፣ ጠቅ አደረጉ። ፎቶው ሲታይ ቤተሰቡ በሙሉ ጉም ውስጥ ገብቷል፤ ማን ማን እንደሆነ በልብሱ ቀለም ካልሆነ አይለይም። ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እየተጫወተበት የወጣው አጥሩ ላይ ያለው የጠርሙስ ስባሪ ነው። እትዬ ሀያት መነጽራቸውን ረስተው ነበርና «ደብዘዝ ቢልብኝ ጊዜ በዓይኔ ልክ አስተካከልኩት» አሉ።

አክስቶቹ ፀጉራቸው እየተነሳ ነው። ወንዶቹ ቡና ይፈላል ወይ እያሉ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከመሀል ወንበራቸው ሳይነሱ ድምፃቸውን በአጥሩ ላይ ላኩ።

«ሙሉቀን፣ ልጄ፣ እንደ ዱሮው ቆመህ አንሳንና ይብቃን። አንተ መግባትህ ምን ያደርግልሃል?»

ሙሉቀን በረንዳው ላይ፣ በባዶ እግሩ፣ ናታሻን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። በኋላ ሊያ ስትነግረው እንደዚያ ጮክ ብሎ መናገሩን አላመናትም። «እማማ፣ እኔ ሞቻለሁ!» አለ። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ። «ትምህርት ቤት ሞቻለሁ! ክፍሉ በሙሉ እየጸለየ ነው! የእርስዎ ፎቶ ላይ የለሁምና ካርዱን አንሰጥህም አሉኝ! ልጄ ወላጅ አልባ ናት፣ ዥዋዥዌ ላይ ቅድሚያ ይሰጣታል!»

«ማነው የሞተው?» አሉ አቶ ግዛቸው።

«ሙሌ» አለ ክብሩ።

«መቼ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሶሊያናን ወደ ራሳቸው አዙረው አገጯን ይዘው «እውነት ነው?» አሉ። ሶሊያና ስለ ዥዋዥዌው ብቻ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ወደ ሳሎኑ መስኮት ላኩ፤ በመስታወቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች ይታያሉ፣ ከሊያ ሰርግ ወዲህ ያሉት ሁሉ፣ በተርታ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«አንዱም ላይ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አባ ኮዳው ሦስቱ ላይ አለ» አለ ክብሩ። ሊያ በክርኗ መታችው።

አለምነሽ ቀሚሳቸው ላይ የሌለ አቧራ አራገፉ። ዘንድሮ ዳር የተመደበችው የአክስት ልጅ፣ እስከ ዛሬ ስለ ፎቶ ስትበሳጭ የኖረች፣ የሙሉቀንን ከዳርም ዳር መሆን አስባ ይመስላል አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተነሱ። ቦርሳቸውን ለሊያ ሰጡ፣ ባለ ተረከዝ ጫማቸውን እያንቋቁ በበሩ ወጡ። ከአጥሩ በላይ ሰው አይታይም፤ የሚሰማው ኮብልስቶኑ ላይ የጫማቸው ድምፅ፣ ከዚያ የእትዬ ሀያት በር መንቋቋት፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ትንፋሽ ነው። በረንዳው ላይ ሲደርሱ ግንቡን ተደግፈው ቆሙ።

«ይሄን ሁሉ ነው እንዴ ስትሮጥ የቆየኸው?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ሞኝ» አሉትና ካሜራውን በእጃቸው ጠቆሙ። «ሂድ ተቀመጥ። የት ነው የሚዞረው?»

ናታሻን ትራይፖዱ ላይ መልሶ ተክሎ አሳያቸውና ሄደ። ሲገባ የሚቆምበት ቦታ አጣ፤ ሰዉ ተጠጋግቶ ሞልቶታል። ባዶ የነበረው ወንበር አንድ ነው፤ መሀሉ፣ ከአቶ ግዛቸው ጎን። «ተቀመጥበት እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል!» አሉ ከማዶ። ተቀመጠበት። ሶሊያና ጭኑ ላይ ወጣች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናታሻ ላይ አጎነበሱ። በዕድሜያቸው በዚያኛው በኩል ቆመው አያውቁም። የሌንሱን አንገት ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ከዚህ ይታያሉ፤ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ትንሽ ወዲህ። ከዚያ ቆሙ። ቆሙና ረጅም ጊዜ አዩ። ሁሉም ፈገግታቸውን ይዘው ጠበቁ፤ ፈገግታው ጉንጫቸው ላይ ደረቀ።

«ሊያ፣ ከስተሻል» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ግዛቸው ደግሞ አርጅቷል። ማንም አልነገረኝም።»

«እኔስ ማን ነገረኝ?» አሉ አቶ ግዛቸው።

«ሙሉቀን፣ እዚህ ሁለት ላይ ነው። እኔ ከሌለሁበት ስንት ላይ ይሁን?»

«ስምንት ጥሩ ነው፣ እማማ። ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል።»

«እንግዲያስ ስምንት ላይ አድርጌዋለሁ። መጨማደዳችሁ ይታይ» አሉ። አክስቶቹ ከተቀመጡበት ተንጫጩ፤ አንዷ በፍጥነት ሻሿን ወደ ፊቷ ልትስብ ስትል ካሜራው ጠቅ አለ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካሜራውን እዚያው በረንዳው ላይ እንደተተከለ ትተው፣ እትዬ ሀያትን በክንዳቸው ይዘው መጡ። የፎቶ ካርዷን አውጥተው ይዘዋታልና ክብሩ ኮምፒውተሩን አመጣ። ፎቶው ወጣ። ናታሻ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም። ጭጋግ የለም፣ የሚዞር ቅጠል የለም፤ ዳር ያሉትም አልተሳቡም። የአክስቶቹ ግንባር፣ የአቶ ግዛቸው አንገት፣ የሊያ የደከመ ዓይን፣ የክብሩ ማደግ የጀመረ ቦርጭ፣ ሁሉም እንዳለ። መሀል ላይ ራሰ በራው የሚያበራ፣ በባዶ እግሩ የተቀመጠ፣ ልጁን አቅፎ ጥርሱን በሙሉ ያሳየ ሰው አለ። ሙሉቀን ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ያንን ሰው አየው። ስለ ሌንሷም እንኳ አላወራም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅም አዩት። በመጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሱ።

«እኔ የለሁም» አሉ።

ሰማዩ ተከፍቶ ነበር፤ ከሐይቁ በኩል የመጣው የማታ ብርሃን አቮካዶው ላይ አርፏል፤ በሰኔ እንዲህ ያለ ብርሃን ሁለት ጊዜ አይገኝም። ካርዷን ለክብሩ ሰጥተው ካሜራው ውስጥ መልሶ እንዲከታት ላኩት፤ እስኪመለስም ወንበር አስጨመሩ። እትዬ ሀያት «እኔ ምን ቤት ነኝ?» ቢሉ «በረንዳው የማን ሆነና!» ብለው ጎናቸው አስቀመጧቸው። ክብሩ ሮጦ ተመልሶ ቦታውን ያዘ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፀጉራቸውን ዳሰሱ፣ ትከሻቸውን ቀና አደረጉ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ሁላችንም» አሉ።

ሙሉቀን ከልማዱ የተነሳ ብድግ አለ። ሊያ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው የሱሪውን ጨርቅ ከኋላ ያዘችና ወደ ታች ሳበችው። ተቀመጠ። ማዶ፣ እትዬ ሀያት በረንዳ ላይ፣ ናታሻ በሦስት እግሯ ቆማ በሰፊው ታያቸዋለች፤ ከኋላዋ ማንም የለም። ሁሉም ያንን አዩ። አንዱ እንዲነሳ ሌላው ይጠብቃል፤ የሚነሳ ሰው ግን ከፎቶው እንደሚወጣ ዛሬ ያልገባው የለም።

«ማነው የሚያነሳን?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ፈገግታቸው እንዳይበላሽ።

አክስት አለምነሽ አገጫቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። ሶሊያና ጥርሷን አሳየች።

«በሉ ዝም ብላችሁ ሳቁ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ሳቁ።